የወረዳ ትምህርት አመራርና የተማሪዎች ውጤት

በደራ ወረዳ ዋና ከተማ በአንበሳሜ የሚማር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፊዚክስ ውጤቱን ማን እንደሚወስነው ቢጠየቅ፣ ራሱን፣ መምህሩንና ቤተሰቡን ይጠቅስ ይሆናል። የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ለመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ በውጤቱ ላይ ድርሻ አለውን?

ጥያቄው የብዙ ወጣቶችን ዕጣ ይነካል። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዋተርስና ማርዛኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ 27 ጥናቶችን አጠቃለው፣ በወረዳ አመራርና በተማሪዎች አማካይ ውጤት መካከል 0.24 የሆነ ተዛምዶ አገኙ። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ 0.06 ገደማ ይሆናል። ይህም በወረዳዎች መካከል ከሚታየው የውጤት ልዩነት 6 በመቶ ያህሉ ከአመራር ጋር ተያይዞ ይለዋወጣል ማለት ነው። በአንጻሩ የብሩኪንግስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ የኃላፊው ማንነት ከተማሪዎች የውጤት ልዩነት የሚያስረዳው 0.3 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱ ግኝቶች የግድ አይጋጩም። የመጀመሪያው የወረዳዎችን አማካይ ከአመራር አሠራር ጋር ያነጻጽራል፤ ሁለተኛው የኃላፊዎችን ማንነት ከእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ጋር ያገናዝባል። ከዚህ በመነሣት፣ ከኃላፊው ስም ይልቅ የጽሕፈት ቤቱ የዘወትር አሠራር ይበልጥ ሳይመዝን አይቀርም እንላለን።

የወረዳው ውሳኔ ክፍል ውስጥ የሚደርሰው በሱፐርቫይዘሩ፣ በርእሰ መምህሩና በመምህሩ በኩል ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው ከሚጠበቀው 80 በመቶውን ብቻ ቢያስተላልፉ፣ 0.8 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.51 ይሆናል። በየደረጃው ጥቂት የሚመስለው ጉድለት ተደምሮ ግማሹን ያስቀራል።

የመምህራን ምደባንም እንመልከት። በሐምሌ የታወቀ የፊዚክስ መምህር ጉድለት በነሐሴ ቢሟላ ተማሪው የሚያጣው ነገር የለም። እስከ ታኅሣሥ ቢዘገይ ግን ከአሥሩ የትምህርት ወራት ሦስቱ ያልፋሉ። ከገጠር ስንቅ ተሸክሞ፣ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ይህ ከባድ ኪሳራ ነው።

በእርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ይህንን የትኛውም ጽሕፈት ቤት ብቻውን አይፈታውም። ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበት ሁሉ ግን የጎደለውን ቀድሞ ማወቅና በጊዜ መሙላት በእጁ ያለ ሥራ ነው።