ክራርና ቤት ያፈራው አጃቢ

ክራር ይዞ የሕዝብ ዜማ ለመማር የሚነሣ ሰው ዘወትር የሚፈራው ድምፅ መሳትን ነው፤ የሚያስቸግረው ግን ምቱ ነው። ቆዳ የለበሰ ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶና አንድ ቀንበር የወጠሯቸው አምስት ወይም ስድስት ክሮች አንዴ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ከተቃኙ፣ ከቅኝቱ የሚያፈነግጥ ክር አይኖርም። ቀኝ እጅ ክሮቹን ባንድነት ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ ዜማው ካልታፈኑት ይወጣል። ይህን በጥቂት ሳምንት ልምምድ መልመድ ይቻላል። ችክችካ የሚባለው ምት ግን ባንድ ጊዜ በሁለትም በሦስትም የሚቆጠር በመሆኑ፣ ብቻውን የሚለማመድ ጀማሪ ሳይታወቀው ይፈጥናል፤ የከበደው ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይጎተታል። ምቱን የሚይዝለት አጃቢ ቅጂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አጃቢው ግን ቤት የተሠራ ይሁን። በኦርጋን የተቀነባበረ ዝግጁ ቅጂ ድምፁም ፍጥነቱም የተቆረጠ ነው፤ ክራር ደግሞ ለዘፋኙ ጉሮሮ ሲባል ከፍም ዝቅም ተደርጎ ይቃኛል፤ የቅኝቶቻችን እርከንም ሁልጊዜ ከኦርጋኑ እኩል አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር አይገጥምም። ተማሪው ጆሮውን ለማሽኑ ማስገዛት የለበትም። ስልክ፣ ጭብጨባ ወይም ከበሮ፣ ከራሱ ክራር ደግሞ አንድ ክር ደጋግሞ መምታት ይበቃዋል፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ በኋላ ፈጠን አድርጎ ይቅዳው። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በድምፃቸውና በክራራቸው ብቻ ስንት ዘፈን እንደተጫወቱ ለሚያውቅ፣ ይህ አጃቢ ድሃ አይመስለውም። ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካ የሆነው፣ ዱሮ እንደ ክራር ቆዳ ይለብስ የነበረው የአሜሪካኖቹ ባንጆ ተማሪዎችም በዝግታ ከተቀዳ አጃቢ ጋር ይለማመዳሉ።

አዝማሪ በስልክ ተምሮ ያውቃል ወይ የሚል አይጠፋም። አያውቅም፤ ማሲንቆን ከአባቱ እግር ሥር ሆኖ ነው የሚለምደው፤ ከታዳሚው የሚወረወርለትን ግጥም ተቀብሎ ወዲያው የሚመልስበትን ብልሃት ምንም ቅጂ አያስተምርም። ይሁንና ሰው ሁሉ ከአዝማሪ ቤት አይወለድም፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ካለው ከቆጋ በመኪና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የቅጂ ምት ዜማውን ያደርቃል የሚለው ወቀሳ ይበልጥ ይከብዳል። ዝግ ያለ ትዝታ እንደ ዘፋኙ ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ በቅጂ ቢታሰር ይሞታል። እንዲህ ያለው ያለ አጃቢ ይጠና፤ ቅጂው እስክስታ ለሚወርድባቸው ለጎጃም ዘፈኖች ይዋል። እዚያም ቢሆን የሰው ጭብጨባ ከማሽን ምት ይሻላል፤ ጥቂት ይወዛወዛልና።

እንግዲህ መራዊም ሆነ ባሕር ዳር ያለህ ጀማሪ፣ አንድ ዘፈን ምረጥ፣ አጃቢውን በራስህ እጅ ቅዳ። ዜማው ሳይሰናከል ከወጣልህ በኋላ ስልኩን አጥፋና የሚያጨበጭብልህ ሰው ፈልግ።