ራሱን ተመትቶ የተነሣ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም

አንጎል ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ብርቱ ጥበቃ ያለው ክፍል ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ሲሆን፣ በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎና ውሃ በሚመስል ፈሳሽ ተከብቦ በራስ ቅል ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ይኸው ጠንካራ ምሽግ አንዳንድ ጊዜ መልሶ ለአንጎል ጠንቅ ይሆንበታል። ራስ በኃይል ሲመታ ከአጥንቱ በታች ያለ የደም ሥር የተበጠሰ እንደ ሆነ፣ የሚፈሰው ደም መውጫ አያገኝም፤ አጥንቱም ስለማይለጠጥ ደሙ እየተጠራቀመ አንጎልን ይጫነዋል።

የዚህ አደጋ ክፋቱ ወዲያውኑ አለመታየቱ ነው። ከዛፍ የወደቀ ልጅ፣ በገና ጨዋታ ሩር ግንባሩን ያገኘው ጎረምሳ፣ ወይም ሞተር ብስክሌት የጣለው ሰው ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» ሊል ይችላል። ቤተ ሰቡም «እንኳን ተረፈ» ብሎ ያስተኛዋል። ደሙ ግን በዚያው ሰዓት በውስጥ ይጠራቀም ይሆናል።

ናታሻ ሪቻርድሰን የተባለችው የታወቀች እንግሊዛዊት ተዋናይት በመጋቢት ወር 2001 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2009) በካናዳ አገር በበረዶ ላይ መንሸራተት ስትማር ወደቀች። ደኅና ነኝ ብላ ስለ ነበር የመጣላት አምቡላንስ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ራሷን ያማት ጀመር፤ ከወደቀችም ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። ሐኪሞች ሲመረምሩ የሞቷ ምክንያት በራስ ቅሏና በአንጎሏ ሽፋን መካከል የፈሰሰ ደም ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ቢያንስ ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ብቻውን ሊተው አይገባም። እየባሰ የሚሄድ የራስ ምታት፣ የሚደጋገም ትውከት፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ የንግግር መንተባተብ ወይም መዘባረቅ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የሁለቱ ዓይኖች ብሌን መበላለጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ጥሩ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ መውጣት፤ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግዴታ ነው። ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ ሰው፣ ምልክት ባይታይበትም፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በተራ ራጅ የማይታየው የውስጥ ደም ሲቲ ስካን በሚባለው መሣሪያ ይታያል፤ በጊዜው ከተደረሰበትም በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሽተኛው ሊድን ይችላል።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ራሱንና አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ ማስተኛት፣ የሚያስመልሰው ከሆነም ራስ፣ አንገትና ወገቡን አንድ ላይ ደግፎ በጎኑ ማዞር ያስፈልጋል። ቁስሉ ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቡና መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ አይጠቅምም፤ የሚንቀጠቀጠውንም ክብሪት ማሽተት ምንም አያድነውም። የሚበላና የሚጠጣ ነገር አይሰጠው፤ አስፕሪንም ደምን ስለሚያቀጥን እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ነው።

በተለይ መምህራን አንድ ነገር እንዲያስታውሱ ያስፈልጋል። በጨዋታ ላይ ራሱን የተመታ ተማሪ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታው ሊመለስ አይገባውም። ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚረሳ፣ ቶሎ የሚቈጣ፣ ብርሃንና ጫጫታ የሚያስቸግረው፣ ትምህርቱንም መከታተል ያቃተው እንደ ሆነ፣ ይህ የአንጎል ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ስንፍና ወይም ብልግና ነው ተብሎ አይቀጣ። ጥቂት ቀን ዕረፍት አግኝቶ ሥራው ቀስ በቀስ ቢጨመርለት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ካልተሻለው ግን ወላጆቹ እንደገና ወደ ሐኪም እንዲወስዱት መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው።