ክርን፣ ተመልካችና ወጌሻ፦ በወጣት ተጫዋች ጉዳት ላይ ስለሚሰጥ ፍርድ

ስለ ስፖርት ጉዳት የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በተጎዳው አካል ላይ ነው። ጉዳቱን ዳር ቆሞ ያየው ተመልካች ግን የራሱ የሆነ ምርመራ አለው፤ ሐኪም ከመድረሱ በፊት የሕመሙን ስም ይሰጣል፣ መንሥኤውን ይናገራል፣ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ተጫዋቹ መቼ እንደሚመለስ ይወስናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን የተመልካች ምርመራ ነው። ለማብራሪያ የተመረጠው አካል ክርን ሲሆን፣ ጉዳዩ ከሩቅ ስታዲየም ተነሥቶ በቆቦና በራያ ቆላ ሜዳዎች ላይ ያርፋል። የሚቀርበውም ሐሳብ ይህ ነው፦ ተመልካች ጉዳትን የሚያነበው በዐይኑ ባያት ቅጽበት ነው፤ በሩቁ ስታዲየም ይህ ንባብ ወሬ ሆኖ ሲቀር፣ በቆቦ ሜዳ ግን ወደ ሕክምና ይለወጣል።

ክርንን ከማንኛውም ስፖርት ይልቅ የሚያደክመው ቤዝቦል ነው። ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ወርዋሪው 18 ሜትር ከግማሽ ያህል ርቆ ወደ ቆመው መቺ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ ይወረውራል፤ በከፍተኛው ደረጃ ፍጥነቷ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህንንም በአንድ ጨዋታ ሰማንያ፣ ዘጠና ጊዜ ይደጋግማል። በራያ ቆላ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ከወፍ የጠበቀ ሰው የዚህን ድካም ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም፤ ፍሬው ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ክንድ ሳያርፍ ይውላል። ልዩነቱ ወንጭፉ ላይ ነው። ወንጭፍ ክንድን ያረዝመዋል፤ ድንጋዩ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከገመዱ ዙረት ጭምር ነው። ቤዝቦል ወርዋሪ ገመድ የለውም። ፍጥነቱ ሁሉ በትከሻውና በክርኑ ውስጥ ያልፋል፤ በተለይ በክርን የውስጥ በኩል የላይኛውን የክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያያይዘው አጭር ጅማት በእያንዳንዱ ውርወራ እስከ ችሎታው ወሰን ይወጠራል። በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ጫናውን ይጋሩታል፤ ጡንቻው ሲደክም ግን ድርሻው ወደ ጅማቱ ይዞራል።

ጅማቱ የሚበጠሰው እንግዲህ በአንድ ቀን አይደለም። በጥቃቅን ስንጥቅ ይጀምራል፣ ይላላል፣ ይሳሳል፤ ከዚያ አንድ ቀን በአንድ ውርወራ ያበቃል። ተመልካቹ የሚያየው ያንን አንድ ውርወራ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስቲቨን ስትራስበርግ የተባለ የ21 ዓመት ወርዋሪ ሰኔ 8 ቀን (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን) ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ 14 መቺዎችን ባዶ እጃቸውን መለሰ። ከተማው በስሙ ተሞላ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 21 ቀን፣ በፊላደልፊያ ሜዳ አንድ ኳስ ወርውሮ እጁን አራገፈ፤ ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ደጋፊው ወዲያውኑ ወደ ክርክር ገባ፦ አሠልጣኞቹ አብዝተው አሠሩት፣ የአወራወሩ ስልት ጎጂ ነው፣ ወጣቶች እንዲህ በፍጥነት መወርወር የለባቸውም። እያንዳንዱ መላ ምት የየራሱ ተከራካሪ ነበረው፤ ሁሉም ግን አንድ ጥፋተኛና አንድ ቅጽበት ይሻ ነበር። በእኛ አገር ቢሆን «ዐይን በላው» የሚል አራተኛ መላ ምት እንደሚጨመር አያጠራጥርም፤ ደግሞም ከሦስቱ ይልቅ ሩቅ አይደለም፣ እሱም ጥፋተኛና ቅጽበት አለውና።

ለዚህ ጉዳት መፍትሔ ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ በሎስ አንጀለስ ቶሚ ጆን ለተባለ ወርዋሪ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው በግራ ክርኑ ውስጥ ተከሉ። ተጫዋቹ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ካረፈ በኋላ ተመልሶ እስከ 1989 ድረስ ተጫወተ፤ ቀዶ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስኬቱ ግን ያልታሰበ እምነት ወለደ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ከተጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምናው ጉዳት ለሌለበት ክርንም ብርታት ለመጨመር ሊሠራ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። ከዚህ ቀደም ሲል በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክንዱ እየደከመ ዘወትር የሚወረውር ታዳጊ ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድሉ 36 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ሁለቱ ግኝቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የነገሩ ክብደት ይታያል፦ ጎጂው ነገር ድካም ነው፤ ድካም ግን ከመቀመጫው አይታይም።

ስትራስበርግ ከተመለሰ በኋላ ያለው ታሪክ ከጉዳቱ ይልቅ ያስተምራል። በ2012 ቡድኑ ከሊጉ ሁሉ የላቀ ውጤት ይዞ ሳለ፣ አመራሩ የተጠገነው ክርን እንዳይደክም በማለት ሴፕቴምበር ላይ ከጨዋታ አሳረፈው። ቡድኑም በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ዙር በሴንት ሉዊስ ተሸንፎ ወጣ። ከሁለት ዓመት በፊት «አብዝተው አሠሩት» ተብሎ የተወቀሰ አመራር አሁን «አሳርፎ አስበላን» ተባለ። እዚህ ላይ ደጋፊውን በግብዝነት መክሰስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ትክክል አይመስለኝም። ደጋፊው ያልተለወጠ መስፈርት ነበረው፤ የሚፈርደው በሚታየው ነገር ነው። በ2010 የታየው የወደቀ ክንድ ነው፤ በ2012 የታየው የወደቀ ቡድን ነው። ያልተበጠሰ ጅማት አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በድግግሞሽ የሚመጣ ጉዳት ከሩጫ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ቀነኒሳ በቀለ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ በባት ጡንቻ ጉዳት ከውድድር ርቆ ቆየ፤ ኦገስት 28 ቀን 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና፣ ተሸንፎ በማያውቅበት የ10,000 ሜትር ውድድር፣ ዐሥር ዙር ያህል ሲቀረው ወጣ። «አበቃለት» የሚለው ፍርድ ፈጥኖ መጣ። ከ19 ቀን በኋላ በብራስልስ በዚያው ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። የተመልካች ፍርድ ምን ያህል ባየው የመጨረሻ ምስል ላይ እንደሚንጠለጠል ከዚህ የበለጠ አጭር ማስረጃ አላውቅም።

የበረኛው የጀማል ጣሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት ውድድር፣ ጃንዩዋሪ 21 ቀን 2013 በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት፣ ጀማል ከክልሉ ወጥቶ ከቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨና ራሱም ተጎድቶ ወደቀ። ለደቂቃዎች ሲታከም ቆይቶ ሲወጣ ዳኛው ቀይ ካርድ አሳየው። ከኢትዮጵያ ደጋፊዎች መካከል ቩቩዜላና የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ፤ ጨዋታውም ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ። በሕጉ ዐይን ከተመለከትነው የተነሣ እግር ነበረና ቅጣቱ አያስገርምም። ተመልካቹ ግን ያየው በሸክም የሚወጣ ልጁን ነው፤ በእርሱ ሕግ የተጎዳ ሰው በዳይ ሊሆን አይችልም። ጨዋታው አዳነ ግርማ ባገባት ግብ 1 ለ 1 አለቀ፤ ቁጣውም በጭፈራ ተሸፈነ።

በዋሽንግተንም ሆነ በኔልስፕሩት አንድ የጋራ ነገር አለ፦ የተመልካቹ እጅ ከተጎጂው አካል አይደርስም። አጥርና ጥበቃ፣ ሐኪምና ቃሬዛ በመካከል አሉ። በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ግን ታዳጊዎች የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች አጥር የላቸውም፤ መሬቱም በበጋ የደረቀና ጠንካራ ነው። አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ተመልካቹ ራሱ ነው። የመጀመሪያው ቃልም አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ወለምታ ነው።»

በዚህ ቃል ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ወለምታ» በዕለታዊ አማርኛ የጅማት መሳብን፣ የመገጣጠሚያ መውለቅን፣ አንዳንድ ጊዜም ስሱ ስብራትን በአንድነት ያቅፋል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ አንደበት ሲያስጠነቅቅ፣ የእግር ወለምታ በቅቤ ታሽቶ እንደሚድን አስቀድሞ የተቀበለ ነው። ለቁርጭምጭሚት ይህ ግምት እምብዛም አይጎዳም። ለታዳጊ ክርን ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ በአንድ ስም የተጠቀለሉት ሦስት ነገሮች ሦስት የተለያዩ ሕክምናዎችን ይሻሉ።

የልጅ አጥንት በጫፉ በኩል ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ክፍል አለው። ይህ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ጅማት የሚበጥሰው ኀይል በልጅ ላይ ጅማቱ የተያያዘበትን የአጥንት ጉብታ ገንጥሎ ይወስዳል። በክርን የውስጥ በኩል ያለው ጉብታ ከመገጣጠሚያው ክፍሎች ሁሉ ዘግይቶ የሚጋጠም ሲሆን፣ የሚዘጋው በጉርምስና ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚህ በታች ባሉ ልጆች፣ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት፣ በብዛት የሚከሠተው ደግሞ ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ስብራት ነው። በዚያ ቦታ ወደ እጅ የሚወርደው ዋና የደም ሥርና ነርቮች ከተሰበረው አጥንት ጎን ያልፋሉ። «ይመለሳል» ተብሎ የተጎተተ ክንድ በስብራቱ ጫፍ የደም ሥሩን ሊያስነካ ይችላል። የታሸ ክርን በጡንቻው ውስጥ አጥንት አብቅሎ ሊደርቅ ይችላል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ክንድ ደግሞ ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ደም ይቋረጣል፣ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች በጥብቅ እሥራት ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ጉዳይ በሕክምና ጽሑፎች ደጋግሞ ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ በወጌሻው ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም በ1881 ከክርን ጉዳት በኋላ የሚመጣውን የእጅ መኮማተር ሲገልጹ ምክንያት ያደረጉት በሐኪሞች ዘንድ ይዘወተር የነበረውን ጥብቅ ማሰሪያ ነበር። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ቤተሰቡን ያውቃል፣ ብዙ አያስከፍልም፤ ቀላል ስብራትንም ብዙ ጊዜ በሚገባ ይይዛል። ማኅበረሰቡ ለእርሱ ያለው አክብሮት ከቋንቋውም ይታያል፦ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የብሔራዊ ቡድንን የሕክምና ባለሙያ ሳይቀር «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገባ» እያሉ ይዘግባሉ። ቃሉ ከመንደር ወደ ስታዲየም ሲዘልቅ ሥልጣኑንም ይዞ ነው የሄደው። ችግሩ የሚጀምረው ተመልካቹ ምርመራውን ጨርሶ፣ «ወለምታ ነው» ብሎ፣ ልጁን ለወጌሻው ሲያስረክብ ነው። ወጌሻው የሚቀበለው የተጎዳ ክንድ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ፊት የተነገረ ፍርድም ነው፤ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ራጅ ይነሣ» ማለት በዚያ ፊት የችሎታ ማነስን መናዘዝ ይመስላል።

በዚህ ላይ የጨዋታው ጥድፊያ ይታከላል። የሠፈር ውድድር ነው፣ ተቀያሪ የለም፣ ልጁ የቡድኑ ምርጥ ነው። በዋሽንግተን «ለምን አሳረፋችሁት» ያለው ደጋፊ በአመራሩ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልነበረውም። እዚህ ግን «ታጥቦ ይግባ» የሚለው ሰው ራሱ ውኃውን ይዞ የቆመ ነው፤ ልጁም ታላላቆቹ ፊት «አልችልም» ለማለት ይከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና በጥብቅ እሥራት ምክንያት የሚቈረጡ አካላትን ቍጥር እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ውጤት የሚያመለክተው ዕውቀቱ ለመማር አስቸጋሪ አለመሆኑን ነው። እስካሁን ሥልጠና የታሰበው ክንዱን ለሚያስረው ሰው ነው፤ ከእርሱ በፊት የሕመሙን ስም የሚሰጡት ዳኛው፣ የቡድን መሪውና ከሜዳው ዳር የቆሙት ታላላቆች ግን ከሥሌቱ ውጭ ናቸው። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የሕክምና ትምህርት አይደለም። ክንዱን ሳይጎትቱ እንዳለ በነጠላ ከደረት ጋር ማንጠልጠል፤ ልጁ ጣቶቹን መዘርጋት ይችል እንደሆነ፣ ጫፋቸው ይደነዝዘው እንደሆነ መጠየቅ፤ የተጎዳውን እጅ መዳፍ ከደኅናው ጋር አስተያይቶ መገርጣቱንና መቀዝቀዙን ማየት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ጉዞው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከቆቦ ወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የክንድ ጡንቻ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ፣ ከዚያ ወጌሻው እስኪፈለግ፣ ከዚያ «እስኪ ሌሊቱን እንየው» እስኪባል የሚያልፈው ጊዜ የሚቀነሰው ከዚሁ ላይ ነው።