ሞተሩ ቢቆምም ግፊቱ አይቆምም
(የአውቶሞቢልን የነዳጅ ቱቦ በቤት ስለ መለወጥ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ብዙዎቻችሁ በየቀኑ ወደ መሥሪያ ቤት ስለምትሄዱበት አውቶሞቢል፥ በተለይም ቤንዚንን ከመያዣው ተቀብሎ እስከ ሞተሩ ስለሚያደርሰው ቱቦ ነው። ይህ ነገር ለመካኒክ እንጂ ለጸሐፊና ለሒሳብ ሹም የሚነገር አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በእጃችን ያሉት ከዓመት ወደ ዓመት እያረጁ መሄዳቸው የማይቀር ነው። አውቶሞቢል ሲያረጅ ደግሞ ብረቱ ሲዝግ ለዐይን ይታያል፤ ጎማው ግን የሚያረጀው በስውር ነው። ጋራዥ የሚጠይቀው ዋጋም ለደመወዝተኛ ሁሉ ስለማይቀል፥ በዕረፍት ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ሥራውን በገዛ ግቢው የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ይህን የመሰለውን ታታሪ ሰው መንቀፍ ሳይሆን የሚሠራውን ዐውቆ እንዲሠራ መርዳት ይገባል።

ይህን ርእስ እንድመርጥ ያደረገኝ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ላይ የደረሰው ነገር ነው። የአውቶሞቢሉ የነዳጅ ቱቦ ማላብ ስለ ጀመረ፥ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር ጎማ ገዛ። ለነዳጅ የሚሆን መሆኑን ሲጠይቅ ሻጩ «ጎማ ጎማ ነው» ሲል መለሰለት። ባልደረባዬም ቱቦውን በገዛ እጁ ለውጦ፥ ሥራው ስላማረለት ደስ ብሎት ሰነበተ። ሁለት ሳምንት ባለፈ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፥ በግቢው ውስጥ ቡና ሊፈላ ከሰል ተቀጣጥሎ፥ ልጆችም በዙሪያው ሲጫወቱ ሳለ፥ የቤንዚን ሽታ ሸተተው። ጎንበስ ብሎ ቢመለከት፥ ያ አዲስ ጎማ አብጦና ለስልሶ እየተንጠባጠበ፥ መሬቱንም አርሶ አገኘው። ምድጃው ከዚያ ቦታ ዐሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። በፍጥነት ልጆቹን ከግቢ አስወጡ፤ ከሰሉንም ውሃ አፈሰሱበት፤ ምንም ጉዳት አልደረሰም። እርሱ «እግዚአብሔር ጠበቀን» ይላል፤ እኔም እንዲሁ እላለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለው ጥበቃ ከእኛም በኩል ጥቂት ዕውቀት መጨመርን የሚሻ ነው።

እንግዲህ በቱቦው ውስጥ ያለውን ነገር አስቀድመን እንወቅ። ቀድሞ በከተማችን በብዛት ይታዩ እንደ ነበሩት እንደ ፎልክስዋገን ባሉት ባለ ካርቡሬተር አውቶሞቢሎች፥ ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነበር፤ ግፊቱም የአንድ ባር ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። አንድ ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ክብደት ያህል ሲጫን ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰው ቱቦውን ነቅሎ በአፉ እየነፋ ቢያጸዳውም ብዙ አይቸገርም ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ከአባቱ የተማረው ዘዴም ይኸው የካርቡሬተር ዘመን ዘዴ ነው።

ነገሩ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1967 የቦሽ ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በፎልክስዋገን 1600 ላይ ካዋለ ወዲህ፥ ካርቡሬተር ቀስ በቀስ ቦታውን ለኢንጄክሽን ለቀቀ። ዛሬ በመንገዳችን ላይ በሚበዙት ትንንሽ የቤንዚን አውቶሞቢሎች ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ነው፤ ይህም ከቀድሞው ዐሥር እጥፍ ገደማ፥ ከመኪና ጎማ አየርም የሚበልጥ ነው። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ማቃጠያው ክፍል በሚረጩት ሞተሮች፥ ከዋናው የግፊት ፖምፓ ወዲያ ያለው ኀይል ወደ 200 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በተስፋፉት ኮመን ሬል በሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ እስከ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ይህም የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ አንድ ሙሉ አውቶሞቢል ከነተሳፋሪው እንደ መጫን ያህል ነው።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነው። በቤት የሚሞከረው ከቤንዚኑ መያዣ እስከ መርጫው ያለው ባለ 3 ወይም ባለ 4 ባሩ መስመር ብቻ ነው። የናፍጣውንና የቀጥታ መርጫውን የብረት ቧንቧ ግን በግቢ ውስጥ መፍታት አይገባም፤ የሚጠበቅበት የጥብቀት ልክና የንጽሕና ደረጃ ከቤት መሣሪያ አቅም በላይ ነውና። እዚህ ላይ ለባለሙያ መስጠት ንፉግነትን ማሸነፍ እንጂ ስንፍና አይደለም።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው ነገር የዛሬው ንግግራችን ዋና ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ አብሮ አለመጥፋቱ ነው። በነዳጅ ፖምፓው ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ በር አለ። የተሠራውም አውቶሞቢሉ በማግሥቱ ጠዋት ወዲያው እንዲነሣ ሲባል፥ ቱቦው ሌሊቱን በግፊት ተሞልቶ እንዲያድር ነው። ስለዚህ «ትናንት ማታ ያጠፋሁት ሞተር ነው» ብሎ መገጣጠሚያውን የሚፈታ ሰው፥ ቤንዚኑ በፊቱና በዐይኑ ላይ ሊረጭበት ይችላል።

ሦስተኛው የትነቱ ጠባይ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ይህ ትነት ከአየር ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ስለሚከብድ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ በመሬት ላይ እየተሳበ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ሲገኝም በአንዲት ብልጭታ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። የከሰል ምድጃ የሚቀመጠው በመሬት ላይ መሆኑን ስናስብ፥ ባልደረባዬ ከምን እንዳመለጠ እንረዳለን።

ይህን ካወቅን ወደ ሥራው እንግባ።

አስቀድሞ ቦታውን ማሰናዳት ነው። ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ወይም በጉድጓድ ላይ ሳይሆን፥ ነፋስ በሚያገኘው ደልዳላ ሜዳ ላይ ይሁን። በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ ምድጃም፥ ሲጋራም፥ ዕጣንም አይኑር፤ ጎረቤትም ይነገረው። ልጆች ይራቁ። ሞተሩና የጢስ ማውጫው ፈጽሞ ይቀዝቅዙ። በአጠገብም የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ይቀመጥ። በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን በውሃው ላይ አንሳፎ ማስፋፋት ስለ ሆነ፥ የውሃ ባልዲ የእሳት ማጥፊያውን ቦታ አይተካም። ከአውቶሞቢሉ በታች መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም ስላልተሠራ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግ። ደግሞም ይህ ሥራ ለብቻ የሚሠራ አይደለም፤ አንድ ሌላ ሰው በቅርብ ይቁም።

ቀጥሎ ግፊቱን ማውረድ ነው። ከአውቶሞቢሉ ጋር በተሰጠው መጽሐፍ ወይም በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ባለው ሥዕል መሠረት የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ፈልጎ መንቀል፥ ከዚያም ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሞተሩ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ጨርሶ ጥቂት ተንገዳግዶ ይጠፋል። ሞተሪኖውን አንድ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ አዙሮ ቁልፉን ማውጣት ይገባል። ከዚህ በኋላ የመያዣውን ክዳን ከፍቶ የታመቀውን ትነት ማስተንፈስ፥ በመጨረሻም የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ መፍታት ነው። ባትሪውን አስቀድሞ የፈታ ሰው ሞተሩን ማስነሣት ስለማይችል ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ቱቦው ባዶ ነው ብሎ ማመን አይገባም። የዐይን መነጽርና ቤንዚን የማያሳልፍ ጓንት አድርጎ፥ መገጣጠሚያውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጦ፥ በዝግታ መፍታት ነው። መገጣጠሚያው በብሎን የሚጠብቅ ከሆነ በሁለት መፍቻ ይሠራ፤ አንዱ ይያዝ፥ ሌላው ይዙር፤ አለዚያ ቧንቧው ይጠመዘዛል። በጣት ተጭነው የሚለቁት የፕላስቲክ ማያያዣዎች ደግሞ በካቻቢቴ መፈልቀቅን አይወዱም፤ አንዲት ጥርሳቸው ከተሰበረች ዳግመኛ አይታመኑም።

አሁን ወደ አዲሱ ቱቦ ደርሰናል። «ጎማ ጎማ ነው» የሚለው አባባል ስሕተት መሆኑን ከቱቦው ላይ ማንበብ ይቻላል። የነዳጅ ጎማ በጀርባው ላይ የታተመ መለያ አለው። ኤስ.ኤ.ኢ. 30 አር7 የሚለው ለካርቡሬተርና ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። ኤስ.ኤ.ኢ. 30 አር9 የሚለው ለኢንጄክሽን ሆኖ እስከ 7 ባር ገደማ የሚችል ነው። በመያዣው ውስጥ በነዳጅ ተነክሮ ለሚኖረው አጭር ጎማ ግን አር10 የሚባለው ብቻ ይሆናል፤ የሌሎቹ የውጭ ልባስ በነዳጅ ውስጥ መኖርን አይችልምና። ምንም ጽሕፈት የሌለበት ጎማ፥ የውሃም ሆነ የአየር ጎማ፥ ለዚህ ሥራ አይገባም።

የነበረው ቱቦ ከፋብሪካው ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ የመጣ እንደ ሆነ፥ መካከሉን ቆርጦ ጎማ መቀጠል ማዳን ሳይሆን ማዘግየት ነው፤ መለወጫውን ራሱን ፈልጎ መግዛት ይሻላል። ጎማውን የሚያጠብቀው ፋሼታም ዓይነት አለው። ዳር እስከ ዳር ቀዳዳ ያለበት ተራው ፋሼታ ጎማውን ይበላዋል፤ ለኢንጄክሽን የሚሆነው ውስጡ ለስላሳ፥ ጠርዙም ወደ ውጭ የታጠፈው ነው። ጎማው በቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ጉብታ በሚገባ ከዘለለ በኋላ ፋሼታው ከጉብታው ወዲያ ይጠብቅ። የመዳብ ሮንዴላና ኦሪንግ ካለ አዲስ ይሁን። አዲሱ ቱቦ በአሮጌው መንገድ ይሂድ፤ ከጢስ ማውጫው ይራቅ፤ ስለታም ብረትም አይንካው።

ፍተሻው ከሥራው አያንስም። የፈሰሰው ተጠርጎ፥ ጨርቁ ወደ ውጭ ወጥቶ ተዘርግቶ፥ ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ክዳኑ ይዘጋ፤ ፊውዙ ይመለስ፤ ባትሪው በመጨረሻ ይገናኝ። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ፖምፓው ቱቦውን እንዲሞላ ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ በእጅ ባትሪ እያበሩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ መመልከት ነው። አንዲት ጠብታ ብትታይ ቁልፉን ዘግቶ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ይገባል እንጂ «ሲሞቅ ይጠብቃል» አይባልም። ደረቅ ከሆነ ሞተሩ ይነሣ፤ እንደገና ይታይ። ከአጭር ጉዞ በኋላና በማግሥቱ ጠዋትም ይታይ። ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በጥብቅ ክዳን ይያዝ እንጂ ወደ ቦይ አይፈስስ።

አደጋ ቢደርስ ሦስት ነገሮችን አስታውሱ። ቤንዚን ዐይን ውስጥ ከገባ ሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ፥ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቤንዚን በአፍ መሳብ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ቢገባ ብርቱ ሕመም ያመጣል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አይገደድ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሦስተኛው የናፍጣ ሞተር ያላቸውን ይመለከታል፤ በሚሠራ ሞተር ላይ የሚፈስሰውን ቦታ በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ ክልክል ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው ክር የመሰለ ናፍጣ ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ እንደ መርፌ ውግ ትንሽ ሆኖ መጀመሪያ ላይ ላያምም ይችላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋን ስለሚያበላሽ ጣትን፥ አንዳንድ ጊዜም እጅን ያሳጣል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ «በግፊት የተረጨ ነዳጅ ቆዳዬን በስቶ ገብቷል» ብሎ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

አድማጮች ሆይ! ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ክንድ ጎማ ነውን የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ለጎማው ሳይሆን በግቢው ውስጥ ለሚጫወቱት ልጆች ነው የሚል ይሆናል። ከተጻፈው አንዱ ቢጎድልባችሁ፥ ማለትም ፊውዙ ባይገኝ፥ መለያ ያለው ቱቦ ባይገኝ፥ ወይም የቱቦው ዓይነት ቢያጠራጥራችሁ፥ ሥራውን አቁሞ ወደ ባለሙያ መሄድ ብልኅነት ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የአውቶሞቢላችሁን ኮፈን ከፍታችሁ፥ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው፥ አብጠው ወይም አልበው እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ አሽትቱም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም።