ስለ ማዕዳችን ጨውና ስለ ደም ግፊት

ጨው በአገራችን በወርቅ የሚለወጥበት ዘመን ነበረ። በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው መንገደኛ ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ ምድር ሲወርዱ ከበሬና ከብረት ጋር ጨው ይዘው ይሄዱ እንደ ነበረ ጽፎልናል፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በዐፄ ልብነ ድንግል ግዛት እንደ ገንዘብ ሲመነዘር አይቶ መስክሯል፤ በዳሎል አጠገብ ካለው የአፋር ሜዳ እየተጠረበ፣ በግመል እየተጫነ፣ በበራህሌ በኩል ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በገበያችን ከብር ጎን ለጎን ሲያገበያይ ኖሯል። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይከብድ ነበርና፣ በሩቅ አውራጃ የምትኖር የቤት እመቤት ጨውን በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ እንጂ በእፍኟ ዘግና ወደ ድስት አትጨምርም ነበር ብሎ ማሰብ አይከብድም፤ መጠኑን የሚወስንላት የሐኪም ምክር ሳይሆን የነጋዴው ዋጋ ነበረ።

ያ ዋጋ ዛሬ የለም። በማጀታችን ካለው ነገር ሁሉ የረከሰው ጨው ሆኗል፤ ርካሽ ስለ ሆነም ማንም አይመጥነውም፤ ካልተመጠነው ጨው ጋርም አንድ ደዌ በየቤታችን ገብቶ ተቀምጧል።

የደም ግፊት፣ ሽማግሌዎቻችን ደም ብዛት የሚሉት ሕመም፣ ከሌሎች ደዌያት የሚለይበት ክፉ ጠባዩ ሳያስታውቅ መሥራቱ ነው። ሰውየው እርሻውን ሲያርስ፣ ሱቁን ሲጠብቅ፣ ቆሞ ሲያስቀድስ ወይም ሲሰግድ ምንም ሳይሰማው፣ የልቡ ጡንቻ ከአቅም በላይ እየሠራ ይወፍራል፣ የኩላሊቱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበላሻሉ፣ የዓይኑ ብርሃን ይደክማል፤ በመጨረሻም በአንጎሉ ያለ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ቤተ ሰቡ «ድንገት ወደቀ» ብሎ ያለቅሳል፤ ነገሩ ግን ብዙ ዓመት የተዘጋጀ እንጂ ድንገተኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ዐዋቂ ሰው 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የፈቀደው ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ያነሰ ነው፤ ይህም በወጡ፣ በዳቦው፣ በአዋዜውና በቆሎው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው።

ጨው ይህን ጉዳት የሚያደርስበት መንገድ ለማስተዋል አስቸጋሪ አይደለም። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውሃን ወደ ራሱ ይስባል፤ ኩላሊት የተረፈውን በሽንት ለማስወጣት ሲሳነው ውሃው በደም ውስጥ ይቀራል፣ የደሙም መጠን ይበዛል፣ የበዛውንም ደም ልብ በብርቱ ኀይል መግፋት ይኖርባታል፤ ይህ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም የደም ሥሮቹ ራሳቸው ይደነድናሉ። ፖታሲየም የተባለው ሌላው ማዕድን ደግሞ በተቃራኒው ሶዲየም በሽንት እንዲወጣ ይረዳል፣ የደም ሥርንም ያላላል፤ እርሱም በባቄላና በምስር፣ በጎመንና በድንች፣ በሙዝና በአቮካዶ፣ በቲማቲምና በቀይ ሥር ይገኛል። እንግዲህ አንድ ማዕድ ጨው ሲበዛበትና አትክልትና ጥራጥሬ ሲያንሰው ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ለዚህ ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። በጎረቤታችን በኬንያ የሚኖሩ የሉኦ ገበሬዎች ከገጠር ቀያቸው ተነሥተው ወደ ናይሮቢ ሲገቡ፣ ግፊታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ከፍ ማለቱን፣ በሽንታቸውም ሶዲየም በዝቶ ፖታሲየም ማነሱን እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ዘራቸው ያው ነበር፣ የተለወጠው ኑሯቸውና ማዕዳቸው ነው። ከእኛው ወገን ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤልም እንዲሁ፣ ሲደርሱ እምብዛም የማይታይባቸው የግፊትና የስኳር ደዌ በዚያ በቆዩ መጠን እየበዛባቸው መሄዱን የዚያ አገር ሐኪሞች ተመልክተዋል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ዳሽ የሚባለው ጥናት፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ቅባቱ የወጣለት ወተት የበዛበት፣ የረጋ ስብ ያነሰበት ምግብ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቍጥር በ11 ያህል ዝቅ እንዳደረገ አስታወቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በዚያው ማዕድ ላይ ጨው ሲቀነስ ውጤቱ የበለጠ እንደሚሠምር ተረጋገጠ።

እኔ እነዚህን ጥናቶች ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ ይህ ነው፤ የውጭ ሐኪሞች በብዙ ድካም የደረሱበት ማዕድ ከአባቶቻችን የጾም ማዕድ ብዙም የራቀ አይደለም። ሰባቱን አጽዋማት የሚጠብቅ ምእመን፣ የዓቢይ ጾምን 55 ቀን፣ የፍልሰታን ሱባዔ፣ ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ፣ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋና ቅቤ ትቶ በምስር፣ በአተርና በሽንብራ፣ በጎመንና በጤፍ እንጀራ ይኖራል፤ ትንቢተ ዳንኤልን የሚያነብም ሁሉ ነቢዩና ሦስቱ ወጣቶች የንጉሡን መብል ትተው በጥራጥሬ ለዐሥር ቀን ሲፈተኑ ፊታቸው ከሌሎቹ እንዴት አምሮ እንደ ታየ ያውቃል። እውነት ነው፣ በጾም ማዕዳችን ወተት የለም፣ ፍሬም ለድኻ ይወደድበታል፤ መሠረቱ ግን ጤናማ ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ርስት ይዘን ደዌው ስለ ምን በረታብን? መልሱ ብዙ ነው፤ የከተማ ኑሮ እግርን አስሮ ሰውነትን አወፈረ፣ አረቄውና ቢራው በዛ፣ በጾሙም ቢሆን ወጡ በዘይት ተጥለቀለቀ፣ ጾሙም በተፈታ ማግስት ሆዳችን ከተአቅቦ ወደ ልቅነት ዘለለ። ከሁሉ በላይ ግን የሚታየኝ የጨው ነገር ነው።

ሽሮ ወጥን እንመልከት፤ ድኻም ሀብታምም የሚበላው፣ በጾምም በፍስክም የማይለይ ወጥ ነውና። በርበሬው ተቀንጥሶና ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፣ ደርቆ ወደ ወፍጮ ሲሄድ ጨው ይገባበታል፤ አተሩና ሽንብራው ተቆልቶና ተከክቶ ከዚያ በርበሬ ጋር ሚጥን ሽሮ ሆኖ ሲሰናዳ ዳግመኛ ጨው ይነሰነስበታል፤ ወጡ በተሠራ ጊዜ ሦስተኛ ጨው ይጨመርለታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ቅመም፣ እርሱም አብዛኛው ጨው የሆነ፣ ጣዕም እንዲሰጥ ተብሎ ይጣልበታል። በርበሬውን ያሰናዳችው እናት በአንድ ወር፣ ሽሮውን ያስፈጨችው አክስት በሌላ ወር፣ ወጡን የምትሠራው ልጅ ዛሬ፣ እያንዳንዳቸው በቅን ልቡና ጥቂት ጥቂት ጨምረዋል፤ አንዲቱ የሌላይቱን መጠን አታውቅም፤ የሁሉን ድምር የሚሸከመው የበላተኛው የደም ሥር ብቻ ነው። በዚያ ላይ አዋዜውና ሚጥሚጣው ጨው አላቸው፣ ቋንጣው በጨው ይታሻል፣ የዳቦ ቤቱም ዳቦ ጨው አያጣም፣ ቡናን በጨው የሚጠጡ አውራጃዎችም አሉ። «እኔ ጨው አላበዛም» የሚል ሕመምተኛ በእውነት ይናገራል፤ በእጁ አላበዛምና።

ስለዚህ ለሕመምተኛው ለብቻው አልጫ ሠርቶ በጓዳ ማብላት ደካማ መፍትሔ ነው ብዬ አምናለሁ። ማዕዳችን የጋራ ነው፤ ሰው ከቤተ ሰቡ ገበታ ተለይቶ ዕድሜ ልኩን ጨው አልባ ወጥ ይበላል ማለት ባሕርያችንን አለማወቅ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ትልቁ ትሪ ይመለሳል። ይልቁንም መላው ቤት ይቀንስ፤ ምላስ የለመደውን ጨው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይረሳል፣ ሕፃናቱም ከመጀመሪያው በመጠን ያድጋሉ። በጨው ፈንታ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ሎሚ ጣዕም ለመስጠት ይበቃሉ፤ በቅመም ድኻ ያልሆነ ሕዝብ ጨው ቢቀነስበት ወጡ አልጣፈጠም ብሎ ማማረር አይገባውም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው ስለ መድኃኒት ነው። ሽፈራውን ቀቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዱ ውጦ፣ ግፊቱ 120 በ80 ሆኖ ስላገኘው ብቻ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን የሚተው ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ቍጥሩን ያወረደለት ክኒኑ ራሱ እንደ ሆነ አያስተውልም። ነጭ ሽንኩርት ግፊትን ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፣ መድኃኒትን ግን አይተካም። በጾም ምክንያት ክኒን መተውም እንዲሁ ያለ ዕውቀት የሚደረግ ነው፤ ፍትሐ ነገሥቱም በሕመም የደከመውን አያስገድድም፣ በእስልምናም የታመመ ሰው የረመዳንን ጾም ወደ ሌላ ቀን እንዲያስተላልፍ ተፈቅዶለታልና፣ ጿሚው ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ፣ እንዲሁም ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ የሚውጥበትን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል። ሁለተኛው ስለ ፖታሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከቻይና 600 መንደሮች የተገኘው የጥናት ውጤት፣ ሩብ እጁ በፖታሲየም የተተካ ጨው አንጎልን የሚመታውን አደጋ በ14 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል፤ ይህ ታላቅ ተስፋ ነው፤ ይሁን እንጂ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ወይም ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም ሲበዛ ልብን ሊያውክ ይችላልና፣ ሐኪም ሳይጠይቅ እንዲህ ያለውን ጨው አይድፈር።

አዮዲንም ሊረሳ አይገባም። በአገራችን እንቅርትን ለመከላከል ለገበታ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ ታዝዟል፤ ጨው ቀንሱ ማለት ወደ አሞሌ ተመለሱ ማለት አይደለም፤ ጥቂት ይሁን፣ ያም ጥቂቱ አዮዲን ያለበት ይሁን ማለት ነው። መንግሥትም በየወፍጮ ቤቱና በየሱቁ ታሽጎ የሚሸጠው ሽሮና በርበሬ፣ የሾርባ ቅመሙም ጭምር፣ በውስጡ ያለው የጨው መጠን በማሸጊያው ላይ በአማርኛና በሌሎቹም የአገሩ ቋንቋዎች በግልጽ እንዲጻፍበት ቢያስገድድ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

አንባቢ ሆይ፣ በመጪው በጋ በርበሬና ሽሮ በቤትህ ሲሰናዳ ጨው እንዳይገባበት እናትህን፣ እኅትህን ወይም ባለቤትህን አማክር፤ አንተም ከሥራው ተካፈል። ጨዉ ወጡ ከእሳት ሲወርድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ እጅ፣ በማንኪያ ተለክቶ ይጨመር። ዕድሜህ ከ30 ካለፈም ይህን ሳምንት ሳታሳልፍ በአቅራቢያህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂደህ ግፊትህን አስለካ፤ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሳትዘገይ በሌላ ቀን ተመልሰህ አስለካና ሐኪሙ የሚያዝህን ፈጽም።