የውሻ ሆድ፣ የሐኪም ማዘዣና የከረጢቱ ዋጋ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የበላው ያልተስማማው ውሻ ግን ጩኸቱን ትቶ ጥግ ይዞ ይተኛል። ሰገራው ይቀጥናል፣ ያስመልሰዋል፣ ጎኑ ይከሳል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ውሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወሰድ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ሌላ የምግብ ማዘዣም ይዞ ይመለሳል። ማዘዣ ያልያዘ ሰው ከረጢቱን ከመደብር ማግኘት ይቸግረዋል። ዋጋውም ከተራው የውሻ ምግብ በግልጽ ይበልጣል። ምግብ እንጂ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት ዕቃ በማዘዣ የሚሸጠው ለምንድን ነው? ገዢውስ ጭማሪውን የሚከፍለው ለምኑ ነው? ጥያቄው የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ያነጋገረ ሲሆን በንግዱም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አለ።

ከቤት ማድ ቤት የተነሳ ገበያ

ንግዱ የተጀመረው በአንድ ውሻ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ሞሪስ ፍራንክ የተባለ ዓይነ ስውር አሜሪካዊ፣ ኩላሊቱ የታመመውን ቡዲ የተባለ መሪ ውሻውን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ማርክ ሞሪስ ይሄዳል። ሐኪሙም ለኩላሊት የማይከብድ ምግብ አዘጋጀለት። ምግቡ መጀመሪያ በቤት ውስጥ እየተሠራ በጠርሙስ ይላክ ነበር። ጠርሙሱ በመንገድ እየተሰበረ ሲያስቸግር በቆርቆሮ ማሸግ ተጀመረ። ፈላጊው ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ የነበረው የሂል ኩባንያ ምግቡን በፋብሪካ ማምረት ያዘ። ለሆድ ሕመም የሚታዘዘው «አይ ዲ» የተባለው ምግብም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገቡበት። ሂልስ እ.ኤ.አ. በ1976 በሳሙናና በጥርስ ሳሙና በሚታወቀው ኮልጌት ፓልሞሊቭ እጅ ገባ። በፈረንሳይ በአንድ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተውን ሮያል ካኒንን የቸኮሌት አምራቹ ማርስ ጠቀለለው። ኔስሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ራልስተን ፑሪናን በ10.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የትርፉን ስፋት ለመገመት አንድ አኃዝ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮልጌት ካካበተው ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሽያጭ ገቢ 22 በመቶ ያህሉ የመጣው ከውሻና ከድመት ምግብ ነበር።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ለሆድ ሕመም የሚታዘዙት ምግቦች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቅባቱ የተቀነሰና በቀላሉ የሚፈጭ ነው። ቆሽቱ ለተቆጣ ውሻ የሚታዘዘው ይኸው ነው። ሁለተኛው ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን የሥጋ ዓይነት ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ሰውነቱ የለመደውን ሥጋ እንደ ጠላት ለሚቆጥር ውሻ ይሰጣል። ሦስተኛው ፕሮቲኑ በፋብሪካ ውስጥ በኤንዛይም እየተቆራረጠ እጅግ ጥቃቅን የተደረገ፣ «ሃይድሮላይዝድ» የሚባለው ነው። ቁርጥራጮቹ ከማነሳቸው የተነሳ የሰውነት መከላከያ አይለያቸውም፤ ስለዚህም አይቆጣም። አራተኛው አሰር የበዛበት ሲሆን ንፍጥ የተቀላቀለበት ሰገራ ለሚያስከትል የትልቁ አንጀት ሕመም ይታዘዛል።

ውጤቱ ወሬ ብቻ አይደለም። ተቅማጥ ለሳምንታት ከቆየባቸውና ሌላ ምክንያት ካልተገኘባቸው ውሾች ከግማሽ የሚበልጡት ምግባቸው በመለወጡ ብቻ እንደሚሻላቸው በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ለውጡም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። በመሆኑም አንድ ከረጢት ምግብ የብዙ ወራት መድኃኒት ወጪ የሚያስቀርበት ጊዜ አለ።

ይሁንና ምግቡ የሚሠራው በሥርዓቱ ሲሰጥ ነው። አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ይተካል። የቀኑ ድርሻ ተለክቶ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ይከፈላል። ከማዕድ የሚወረወር አጥንት፣ ልጆች በድብቅ የሚያጎርሱት ብስኩት፣ የሥጋ ጣዕም ያለው ክኒን ሁሉ ሙከራውን ያበላሹታል። ብዙ ገዢ ውድ ከረጢት ገዝቶ «አልሠራም» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ምግብ የማይፈታው ሕመምም አለ። የሰገራ ምርመራ ሳይደረግ፣ ትላትል በሆዱ ለተሸከመ ውሻ ውድ ምግብ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በተለይ በጀርመን ሼፐርድ ዝርያ ላይ የሚታየው፣ ቆሽት የምግብ መፍጫ ኤንዛይም ማመንጨት የሚያቆምበት ሕመም ደግሞ በምግብ ለውጥ ብቻ አይድንም። ከእያንዳንዱ ምግብ ጋር የኤንዛይም ዱቄት መቀላቀል አለበት።

በቤት የተቀቀለ ዶሮና ሩዝስ? ለጥቂት ቀናት ሆድ ለማሳረፍ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። ለወራት ግን አያዛልቅም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው፣ 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር የጎደላቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል።

ማዘዣውን ማን አዘዘ?

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እነዚህ ምግቦች በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጡ አያስገድድም። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በሽታን ያክማል ተብሎ የሚሸጥ የውሻ ምግብ በሕጉ አነጋገር እንደ መድኃኒት ሊቆጠር የሚችል ቢሆንም፣ በሐኪም ምክር እስከተሸጠና ለሕዝብ የሚነገረው ማስታወቂያ የፈውስ ተስፋ እስካልሰጠ ድረስ በአብዛኛው እንደማይነካው ገልጿል። በሌላ አነጋገር እንደ አዲስ መድኃኒት ተፈትኖ የጸደቀ ምግብ የለም። ማዘዣውን ያቆመው የንግዱ ልማድ ነው።

ሸማቾች ይህን ይዘው ከሰሱ። «ማዘዣ» የሚለው ቃል መንግሥት ያጸደቀው መድኃኒት ያለበት አስመስሎ ዋጋ አስወደደብን የሚል ነው አቤቱታቸው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበው ክስ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ ነበር። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ክሱ ሊታይ ይገባል ብሎ መለሰው። በሚዙሪ ግዛት በሮያል ካኒንና በፑሪና ላይ የቀረበ ተመሳሳይ ክስ ደግሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥር 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ ጉዳዩ ወደ ግዛቱ ፍርድ ቤት እንዲመለስ ወስኗል። የወሰነው ግን ጉዳዩን የትኛው ፍርድ ቤት ይየው በሚለው ላይ እንጂ በዋጋው ላይ አይደለም።

የጥርጣሬው ሌላ ምንጭ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ማርስ ምግቡን ከማምረቱ በተጨማሪ ባንፊልድ የተባሉትን የእንስሳት ክሊኒኮች ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቪ ሲ ኤ የተባለውን የእንስሳት ሆስፒታሎች ኩባንያ በ9.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። አዛዡም አምራቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ገዢ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሐኪሞቹም የሚሉት አላቸው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ጉዳት ነው፤ ፕሮቲኑ የተቀነሰ የኩላሊት ምግብ ለሚያድግ ቡችላ አይሆንም። ያለ ምርመራ ከመደርደሪያ አንስቶ መሄድ እውነተኛውን ሕመም ደብቆ ሊያቆይም ይችላል።

ስምና ጥራት

የሐኪም ምግብ መባል ከስህተት አያድንም። ሂልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ የተገኘባቸውን የቆርቆሮ ምግቦች ከገበያ ሰብስቧል። ከተሰበሰቡት መካከል «አይ ዲ» ይገኝበት ነበር። የጥፋቱ መነሻ ከአቅራቢ የመጣ የቫይታሚን ቅልቅል ነበር። ስለዚህ የምርት ቁጥርንና የሚያበቃበትን ቀን መዝግቦ መያዝ ለባለ መደብርም ለገዢም ይጠቅማል።

ይህን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚያስብ አስመጪ ከሁሉ በፊት ማጤን ያለበት የሚሸጠው ከረጢት ብቻ አለመሆኑን ነው። ከጀርባው ሕመሙን የሚለይ ሐኪም ከሌለ ዕቃው ውድ የውሻ ምግብ ሆኖ ይቀራል። ገበያው ጠባብ ነው፤ ዕቃውም የሚበላሽበት ቀን አለው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ በብር የሚያስወጣው ዋጋ ከፍ ብሏል። የሚያዋጣው በሐኪሞች ፍላጎት ልክ ጥቂት አምጥቶ ቶሎ መሸጥ ነው።

ውሻው ለታመመበት ሰው ደግሞ ስሌቱ አጭር ነው። መጀመሪያ ያስመርምር፤ ምግቡ ለየትኛው ሕመም እንደታዘዘና በስንት ቀን ለውጥ እንደሚጠበቅ ሐኪሙን ይጠይቅ። ያ ቀን ደርሶ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን ከረጢት ከመግዛቱ በፊት ወደ ሐኪሙ ይመለስ።