ማሻሻያው እስኪደርስ

የሶፍትዌር ኮድን በራስ ሰርቨር ላይ ማኖር ለአማራ ክልሏ ከተማ ለደብረ ማርቆስ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ጊትሀብን በመሰለ የውጭ አገልግሎት ብቻ የሚተማመን ቡድን የጋራ ሥራው ይስተጓጎልበታል፤ በግቢው ውስጥ ሰርቨር ያለው ግን በውስጥ መረብ ይቀጥላል። ጎግስ፣ ጊቲ፣ ጊትላብ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ለዚህ ያገለግላሉ። ጎግስ በተለይ ቀላል ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። ችግሩ፣ ሰርቨሩን የተከለው ሰው ጥበቃውንም አብሮ መረከቡ ነው።

ዊዝ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በጎግስ ላይ ያገኘው ቀዳዳ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከዚያ በፊት አንድ ተመሳሳይ ቀዳዳ ተደፍኖ ነበር፤ ደፋኞቹ ግን የፋይሉን ስም እንጂ ስሙ ወዴት እንደሚያመራ አልመረመሩም። አጥቂው ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ሲምሊንክ በራሱ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በዚያ ስም ሲጽፍ ጽሑፉ ከማከማቻው ውጭ ያርፋል። የጊት ማዋቀሪያ ፋይልን ከለወጠ ደግሞ ሰርቨሩን የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችላል። ጉዳዩ በታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ማሻሻያ ገና አልወጣም ነበር፤ ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው ከተገኙት 1,400 ገደማ ሰርቨሮች ከ700 በላይ የሚሆኑት ተጠቅተው ነበር። ነገሩ የትንሽ ሶፍትዌር ድክመት ብቻ እንዳይመስል፦ ጊትላብም በጥር 2016 ዓ.ም. ከ10 ነጥብ 9.9 የተሰጠውን የፋይል መጻፍ ቀዳዳ ደፍኗል።

እንግዲህ "ማሻሻያውን ጫን" የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም አይበቃም። ማሻሻያ እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ መስመሩ እስኪፈቅድ፣ የሚያድነው በር መዝጋት ነው። ጥቃቱ መለያ ያለው ተጠቃሚ ይፈልጋል፤ ጎግስ ደግሞ በነባሪው ማንም ራሱን እንዲመዘግብ ይፈቅዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ክፍት ምዝገባን ማጥፋት፣ ሰርቨሩንም ከውጭ መረብ መለየት ነው፤ ሁለቱም ኢንተርኔት አይጠይቁም። "የኛ ሰርቨር ከግቢ አይወጣም" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይህ ኢንተርኔትን ከሚያስሱ አጥቂዎች ይሰውራል። ግን በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መለያ ያለው ተማሪ ብዙ ነው፤ የአንዱ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ አጥቂው ውስጥ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያስጠነቅቀናል የሚለውም ግማሽ መልስ ነው፦ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እንኳ የምዝገባውን ቅንብር የሚያጠፋው የቦታው ባለሙያ ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ምርመራው ይከተላል፤ ብዙዎች የሚዘልሉት ይህን ነው። ማሻሻያ አዲስ ጽሑፍን ይከለክላል እንጂ ቀድሞ የተጻፈውን አያነሳም። በዊዝ ምርመራ የተጠቁት ሰርቨሮች በዘፈቀደ በተሰየሙ፣ ባለ 8 ፊደል ማከማቻዎች ይታወቁ ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት የተገኘበት ሰርቨር ከንጹሕ ባክአፕ እንደገና ቢተከል ይሻላል፤ ኮዱ ውስጥ የተቀመጡ የዳታቤዝ የይለፍ ቃሎችና የኤስኤስኤች ቁልፎችም ሁሉ ይቀየሩ። ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ያስተጓጉላል ቢባል አይካድም፤ ነገር ግን በዚያው ቁልፍ የሚከፈተው ዳታቤዝ የተማሪዎችን መዝገብ የያዘ ከሆነ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ጉዳዩ ውስጥ ይገባል።